ለፋሩቅ የተጻፈው ምስጋና

ሰው በክፋት ሲበድል ቢያንስ መበደሉን ያውቀዋል። የጸዮን ግን ጉድ ነው፤ እሷ ሰው የበደለችው በምስጋና ነው።

ጸዮን ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ናት። አሥራ አንድ ዓመት የኖረችው ደንበኛ በሚተውላት ቲፕ ነው። የኢስት ዮርኩን አፓርትመንት ሬንት የምትከፍለው በእሱ ነው፤ አባቷን ለሰባኛ ዓመታቸው ግብፅ ድረስ የወሰደቻቸውም በእሱ ነው። አባቷ ጋሽ ተክሉ በወጣትነታቸው ምጽዋ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። በሱዳን አድርገው ቶሮንቶ ከገቡ በኋላ ግን ጡረታ እስኪወጡ ሕንፃ ሲጠብቁ ኖሩ። "አንድ ቀን ብቻ ቀይ ባሕር ውስጥ ገብቼ ብሞት" ይሉ ነበር። ይህቺን ነገር ሲደጋግሟት ጸዮን አንጀቷ አልቻለም።

ቀይ ባሕር ላይ ጠላቂ እንግዶችን ይዛ የምትወጣው ጀልባ ላይ የጤና ፎርም ተሰጣቸው። ሽማግሌው መዋሸት አያውቁበትም፤ ልብዎን ታመው ያውቃሉ ለሚለው "አዎ" ብለው ጻፉ። አለቀ! የሐኪም ወረቀት ሳይመጣ መጥለቅ ክልክል ነው ተባሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ሌላው ሰው ሲጠልቅና ሲወጣ፣ እሳቸው ፎጣ ታቅፈው ቁጭ ብለው ዋሉ። ያን ያህል ብር ወጥቶበት! ጸዮን እሳቸውን ማየት አቃታት።

በመጨረሻው ቀን፣ ሌሎቹ እንግዶች ራቅ ብለው ሲጠልቁ፣ ፋሩቅ የሚባለው፣ ጠላቂዎችን የሚመራው ጋይድ ወደ ሽማግሌው መጣ። የመጥለቂያ ልብሱን አለበሳቸው፣ የአየር ሲሊንደሩን አሸከማቸው፣ እጃቸውን ይዞ ቀስ እያለ ይዟቸው ወረደ። ከአምስት ሜትር አላለፉም፤ ሩብ ሰዓትም አልቆዩም። ሲወጡ ጋሽ ተክሉ እንደ ልጅ አለቀሱ። ፋሩቅ ውሃው ውስጥ ያነሳቸውን ፎቶ ለጸዮን በስልክ ላከላትና፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሳቀ።

መለያያው ሲደርስ ጸዮን ሁለት መቶ ዶላር በፖስታ አዘጋጅታ ነበር። አባቷ እጇን ያዙት።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ቲፕ ነዋ አባባ። ደሞዛቸው እኮ እዚህ ግባ አይባልም፤ ሁሉም ይሰጣል።"

"ለዚህ ሰው? እንደ አስተናጋጅ? ተይ፣ አታዋርጂኝ። እሱንም አታዋርጂው።"

እንደ አስተናጋጅ! ለማን እንደሚናገሩ እንኳ ልብ አላሉም። ጸዮን ዋጥ አደረገችው። ጋሽ ተክሉ ፋሩቅን አቅፈው፣ ካርቱም በለቃቀሟት ዐረብኛ መረቁት። እሱም "አሚን፣ አሚን" አለ፤ ዓይኑ ግን አንዴ ወደ ጸዮን ቦርሳ ሄዶ ተመለሰ። ያን አስተያየት ጸዮን አሳምራ ታውቀዋለች። ስምንት ሰው በልቶ የተነሳበት ጠረጴዛ ባዶውን ሲቀር እሷም እንዲሁ ነው የምታየው።

ቶሮንቶ ተመልሳም ያ ዓይን አለቀቃት። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ ለአለቃዋ ለፋናዬ ኢሜይል ጽፎ ጸዮንን አመስግኗት ነበር፤ ፋናዬም በዚያ ሳቢያ ገበያ የሚደራባቸውን አርብና ቅዳሜን ሰጠቻት፤ እንጀራዋ የተቃናው ከዚያ ወዲህ ነው። ታዲያ ለፋሩቅስ? ለአባቷ ነግራ፣ ተቀመጠችና ለጀልባው ድርጅት የምስጋና ደብዳቤ ጻፈች። ፎርሙን፣ የአባቷን ልብ፣ የሦስቱን ቀን ሐዘን፣ ፋሩቅ ማንም ሳያየው ያደረገውን ደግነት፣ አንድም ሳታስቀር ዘረዘረችው። ፎቶውንም አያያዘችው። ያቺ ከንፈር ላይ ያረፈች ጣት? ደግ ሰው ሥራውን ይደብቃል፣ መናገር ያለበት የተደረገለት ነው ብላ ነው የተረዳቻት። አይ ጸዮን!

መልሱ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ መጣ። የኩሽናው በር ላይ ትሪ እንደያዘች አነበበችው። ስላሳወቁን እናመሰግናለን ይላል። የእንግዶቻችን ደኅንነት ከሁሉ ይቀድማል ይላል። ፋሩቅ ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ጋር አይሠራም ይላል። ትሪውን አስቀምጣ እዚያው ቆማ ጻፈች፦ ዋሽቼ ነው፣ አባቴ አልጠለቁም፣ እባካችሁ። የተመለሰላት አንድ መስመር ነው፤ ፎቶውን የላኩልን እርስዎ ነዎት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?

ማታ ፋሩቅ ራሱ ጻፈላት። "እህቴ፣ ምን በደልኩሽ? ቲፕ ስላልሰጣችሁኝ ተቀይሜ አልነበረም። ሽማግሌው አባቴን መሰሉኝ፣ ያደረግኩት ለዚያ ነው።" ወዲያው ደወለች። አይገባም፤ ቁጥሯን ብሎክ አድርጎታል። ሁለት መቶ ዶላሩ አሁንም ከነፖስታው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጋሽ ተክሉ ከሶፋው በላይ የሰቀሉትን ፎቶ በመሐረብ ወለወሉ። ውሃው ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል።

"ደብዳቤሽ ደረሰ?"

"ደርሷል።"

"አለቆቹ ምን አሉ?"

"አመሰገኑ።"

"ይኸው! ብሩን ብትሰጪው ኖሮ በልቶት ያልቅ ነበር።" ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። "በይ ስልኩን አምጪ። በድምፄ ልመርቀው።"

እውነቱን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ዓይናቸው ፎቶው ላይ ነበር። በሕይወቷ አባቷን እንዲህ ተደስተው አይታቸው አታውቅም፤ አፏን መልሳ ዘጋችውና ስልኩን ያዘችላቸው።

"ፋሩቅ ልጄ፣" አሉ በካርቱሙ ዐረብኛቸው፣ "እግዚአብሔር ሥራህን ይባርክልህ። በአለቆችህ ፊት ሞገስ ይስጥህ። ከዚያ ባሕር አይለይህ።"

ጸዮን ላከችው። አንዲት ግራጫ ምልክት ብቻ መጣች፤ መልእክቱ መድረሱን የምታሳየው ሁለተኛዋ አልመጣችም።

"ሰማው?"

"ገና ነው አባባ።"

መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ከእጇ ወሰዱና ጥቂት ጠበቁ።

"ግድ የለም፣ ይሰማዋል፤" አሉ። "ይሄኔ ሥራ ላይ ሆኖ ነው።"