ፍሰሐ በጓሮ ያቆመው ቤት

«ዛሬ ካላፈረስነው ነገ የለቅሶውን ድንኳን የት ልንተክለው ነው?» አለ የሟቹ የፍሰሐ ታናሽ ወንድም ክፍሉ፣ መፍቻውን ይዞ ጓሮ እንደቆመ። ከአሌክሳንድሪያ በጠዋት መኪና ነድቶ የመጣው ለዚሁ ነው። ነገ ሰልስት ነው፤ የሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ሁሉ እዚህ ሊቀመጥ ነው። ጓሮውን ግን ፍሰሐ ከብረት ቱቦ በብሎን አያይዞ ያቆመው፣ ገና ያልለበሰ ክብ ቤት ሞልቶታል።

የሟች ሚስት ተናኘ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩን ተደግፋለች። ከሐዘኑ ይልቅ ያደከማት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ላለ ሁሉ አንገቷን መነቅነቅ ነው።

«አፍርሰው» አለች። «እኔ ምን ቸገረኝ።»

ከሳሎን የጎረቤቷ የእትዬ ሸዋዓለም ሹክሹክታ ይሰማል፤ እሳቸው ሹክ ሲሉ ጎረቤት ከተማ ሮክቪል ድረስ ይሰማል። «ነፍሱን ይማረውና፣ ለሰው ልጅ ሁሉ ቤት ሲነድፍ ለሚስቱ አንዲት መደርደሪያ ሳይሰቅል ሄደ።»

እውነታቸውን ነው። ፍሰሐ በሥራ ቀን የመኪና ማቆሚያ ይነድፍ ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የወደፊቱን ዓለም። ተናኘ ከሁለት ፈረቃ ሥራዋ ገብታ እግሯን ሳታሳርፍ የማር እንጀራ ይዞ ይጠብቃት ነበር።

«እዪ፣ ንብ ሰም አታባክንም። የሸረሪትን ድር እዪ፣ የሳሙናን አረፋ እዪ። ተፈጥሮ በትንሽ ነገር ብዙ ትሸከማለች። ነገ ሰው ሲበዛ፣ እንጨቱም ሲሚንቶውም ሲያልቅ፣ እንዲህ ነው የምንኖረው።»

«እስከዚያ ይኼ የሚያፈሰው ጣሪያችንስ?»

ይስቅ ነበር። ሳቁ ደግሞ ያናድዳት ነበር።

ክፍሉ የመጀመሪያውን ብሎን ፈታ። «ዞር በይ ተናኝዬ፣ ይናዳል!» ቱቦውን መዞ አወጣው። ቤቱ አልተናደም። ንቅንቅም አላለም።

«ወይ ጋሼ!» አለ ክፍሉ፣ ወንድሙ የሚሰማው ይመስል።

ይህንንም ፍሰሐ ነግሯት ነበር፤ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ድምፁ ሲደክም። «አንዱ ቢወልቅ ሌሎቹ ተካፍለው ይይዙታል። የነገ ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው። አንቺም አትወድቂም።» እሷ ግን «ዝም ብለህ ተኛ» ብላው ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ እምቢ ያላት እንባ አሁን መጣ።

«ውሸታም!» ብላ ጮኸች። «ይኼው ወደቅኩ! ማን ያዘኝ?»

ክፍሉ ደንግጦ ቱቦውን መሬት ጣለው።

«መልሰው» አለችው።

«ያለሱም እኮ ይቆማል።»

«አየሁት። መልሰው አልኩህ! የድንኳኑን ሸራ እላዩ ጣልበት፤ ሰዉ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል።»

ብሎኑ ሣር ውስጥ ጠፍቷል። ክፍሉ ተንበርክኮ ሲዳብስ እሷ ቱቦውን አነሳችና ቦታው ላይ ገጠመችው፤ በሁለት እጇ ወደ ላይ ደግፋ ቆመች። እትዬ ሸዋዓለም በመስኮት ብቅ አሉ።

«ተይው ልጄ፣ ይደክምሻል።»

ተናኘ ትከሻዋን ከቱቦው ሥር አስጠጋች። አልለቀቀችውም።