ያላለቀሰችው ልጅ

በሕፃናት ክፍሉ እንደዚያች ልጅ የተመሰገነ ሕመምተኛ አልነበረም። ዓመት ከመንፈቅ ቢሆናት ነው። መኪና ተገልብጦ ከእናቷ ጋር የመጣች ናት። የእሷ ጭን ተሰብሮ በጄሶ ታሰረ፤ እናቷ ደግሞ ዳሌዋ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ታችኛው ፎቅ ተኝታለች። ቁስሏ ስላመረቀዘ ልጅ ወደ እሷ ድርሽ እንዳይል ተከልክሏል።

ልጅቱ መጀመሪያ ላይ ጣሪያው እስኪነቀል አለቀሰች። ከዚያ ባንዴ ጸጥ አለች። መርፌ ሲወጓት አትንፈራገጥም፤ ያነሳት ቢያነሳት፣ ያስተኛት ቢያስተኛት ግድ የላትም።

«ተመስገን፣ ለመደችን» አሉ ነርሶቹ።

አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ ወንድ ልጇን የምታስታምም አንዲት ወፍራም ሴትዮ እንዲያውም፣ «የኔን ጉድ በእሷ ለውጡልኝ፤ ከፈለጋችሁ አባቱንም ምርቃት እጨምራለሁ» እያለች ታስቃቸው ነበር።

አንዷ ብቻ አልሳቀችም። ትምህርቷን በቅርቡ የጨረሰች ነርስ ናት፤ ሁሉም «አዲሷ» ነው የሚሏት። አዲሷ ስለ ልጆች ዕድገት የተማረችውን ለፈተና ብላ ነበር የሸመደደችው። ከእናቱ የተለየ ሕፃን መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል፣ በመጨረሻ የለመደ ይመስላል። ጥሩ ውጤት አመጣችበት፤ ከዚያ ረሳችው። አሁን ግን ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ወተቱ ከንፈሯ ላይ እየደረቀ ስታያት፣ የሸመደደችው ሁሉ ተመልሶ መጣባት። ቀጥ ብላ ወደ ዋና ነርሷ ሄደች።

«ሲስተር፣ ይቺ ልጅ ጨዋ ሆና አይደለም። ተስፋ ቆርጣ ነው።»

ዋና ነርሷ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም ዓይኗ አላማረኝም። የሁሉም ሰው ልጅ ከምትሆን አንድ ሰው ይኑራት። አንቺ ያዣት፤ ማጠቡም፣ መመገቡም ያንቺ ይሁን።»

«ግን ምን ላድርግላት?»

«ትምህርት ቤት ምን አሏችሁ?»

አዲሷ ትንሽ አፈረች። «መንከባከብ መጀመሪያ አብሮ መገኘት ነው፣ ሌላው ከዚያ ይከተላል ይሉን ነበር።»

«እንግዲያው ተገኚላታ!» አሉና መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

ተገኘችላት። ወንበር ስባ ከአልጋው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ጸጉሯን ታበጥራለች፤ የልብሷን ቁልፎች አንድ ባንድ እያስነካች ታጫውታታለች። ልጅቱ ዓይኗን እንኳ አትመልስም። አዲሷ ሥራ ሲጠራት ዝቅ ብላ «ልሄድ ነው የኔ እናት፤ ግን እመለሳለሁ» ትላታለች፤ ደግሞም ትመለሳለች።

«ለማን ነው የምትነግሪው? ለትራሱ?» ትላታለች ወፍራሟ ሴትዮ።

እሷም አንዳንዴ ለትራሱ የምታወራ እየመሰላት ቅስሟ ይሰበር ነበር። ቢሆንም አላቋረጠችም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እንደ ልማዷ «እመለሳለሁ» ብላ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ የሚያደነቁር ጩኸት ተሰማ። ዞር ስትል ልጅቱ ሁለት እጆቿን ወደ እሷ ዘርግታ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ታለቅሳለች። ነርሶቹ እየሮጡ ገቡ።

«ምን ሆነች? ወደቀች እንዴ?»

«አለቀሰች!» አለች አዲሷ፤ እሷም ሳቅና እንባ ተቀላቅሎባት። «አትሂጂ ብላኝ አለቀሰች!»

ዋና ነርሷ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ስንት ዓመት በሕፃናት መካከል የኖሩት ሴትዮ ያን ለቅሶ እንደ መዝሙር ነበር የሚያዳምጡት። ልጅቱ አዲሷ አንገት ላይ ተጠምጥማ፣ እየተንሰቀሰቀች፣ የዚያን ቀን ወተቷን ጭልጥ አድርጋ ጠጣች።

የእናትየው ቁስል ደርቆ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋች ወደ ላይ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ገና ከበሩ «ልጄ!» ብላ እጇን ዘረጋች። ልጅቱ አየቻት። አየቻትና ፊቷን ባቀፈቻት በአዲሷ አንገት ውስጥ ቀበረች።

እናት አመድ መሰለች። «ረሳችኝ… ልጄ ረሳችኝ!»

አዲሷ ለቅጽበት፣ የዓይን ጥቅሻ ለምታህል ጊዜ፣ እኔን መረጠች ብላ ደስ አላት፤ ወዲያው በራሷ አፈረች። ወንበሩ አጠገብ በርከክ አለች።

«አልረሳችሽም እህቴ። ተቀይማሽ ነው። ሰው የሚቀየመው የራሱን ሰው ነው እንጂ ባዳን ማን ይቀየማል? አትንኪያት። ዝም ብለሽ አውሪያት።»

እናት እንባዋን ዋጥ አድርጋ ማውራት ጀመረች። ስለ ቤታቸው ድመት፣ መስኮቱ ላይ ስለምትቀመጥ እርግብ። አንድ ዓይን ከአዲሷ አንገት ብቅ አለ። ቆየት ብሎ ሁለተኛው ተከተለ። ልጅቱ የእናቷን ፊት አይደለም ያየችው፤ መርፌ ተሰክቶበት የነበረውን፣ በፋሻ የተጠቀለለውን እጅ ነው። ግንባሯን ቋጠር አድርጋ አተኩራ አየችው። ከዚያ ከነጄሶዋ ከአዲሷ ክንድ ተንጠራርታ፣ ከንፈሯን አሞጥሙጣ፣ ፋሻው ላይ «እፍ… እፍ…» አለችበት።

ወፍራሟ ሴትዮ እንኳ አፏን ይዛ ቀረች።

«ስትወድቅ እንደዚህ የማደርግላት እኔ ነኝ» አለች እናት።

አዲሷ ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ሁለት ቃል ማገጣጠም የማትችል ልጅ፣ የራሷ አጥንት ገና ሳይጠግን፣ የሌላ ሰው ሕመም ታያት! ማን አስተማራት? መቼስ ገባት? አዲሷ ያን ሁሉ ዓመት ደብተር ይዛ የተከታተለችው መንከባከብ በዚህች እፍኝ በማታህል ልጅ ትንፋሽ ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቃት ቆይቷል።

አዲሷ ልጅቱን እናቷ ጭን ላይ ስታስቀምጣት ቂሙ ያኔ ፈነዳ። የእናቷን ደረት በትናንሽ ቡጢዎቿ እየደበደበች፣ የት ነበርሽ የምትል ይመስል አለቀሰች። እናትም «ምቺኝ የኔ ዓለም፣ ምቺኝ» እያለች አብራት አለቀሰች። በመጨረሻ ልጅቱ የእናቷን ጆሮ ጭምድድ አድርጋ እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት።

ምሳ መጣ። እናት ልጇን እንዳትቀሰቅስ ፈርታ ክንዷን አላንቀሳቅስ አለች። አዲሷ ሾርባውን ተቀብላ ማንኪያውን አነሳች።

«በይ አፍሽን ክፈቺ» አለቻት፤ ሁለቱም ድምፅ ሳያሰሙ ሳቁ።