የሱይሰን ከረጢት

ጉርሻው ከጋሽ ጋሮማ ከንፈር አንድ ጣት ሲቀረው፣ የብዙነህ ልጅ ሀሴት ማቀዝቀዣው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ዞር ብላ፣ "ፓፓ፣ ሱይሰን እኮ በስዊድንኛ ፖስክሊሊያ ነው። አበባ። መርዝ አለው" አለች።

በስቶክሆልም ዳር፣ በቴንስታ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ እጅ ሁሉ ከመሶቡ ተሰበሰበ። ከጸሎት ቤት የመጣው እንግዳ ሁሉ፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ የሚያህለው፣ ብዙነህን ተመለከተ።

ብዙነህ የሚሠራው በአበባ ችግኝ ማፍያ ነው። አለቃው ጃፓናዊት ናት፤ ሽንኩርት የሚመስሉትን የአበባ ሥሮች ሁሉ በአገሯ ስም ትጠራቸዋለች፦ ዩሪ፣ ቹሪፑ፣ ሱይሰን። የስዊድንኛ ስማቸውንም ጽፋ ሰጥታዋለች። እሱ ግን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈው እንጂ አላነበበውም። ለምን ያነባል? በ1996 ስቶክሆልም ውስጥ ከጃፓን ኤምባሲ ቀጥሎ ጃፓንኛ አዋቂ ብዙነህ መሆኑን ጉባኤው ሁሉ ያውቃል፤ በየሠርጉ ነግሯቸዋል። እሁድ ከቶኪዮ ለሚመጡት ሰባኪ አስተርጓሚነት የተመረጠውም እሱ ነው።

ትናንት ከሥራ አንድ ከረጢት ተሸክሞ ገባ። ሚስቱ ለምለም ምንነቱን ስትጠይቀው የተጻፈበትን በጣቱ እየጠቆመ፣ "ሱይሰን ማለት የጃፓን ሽንኩርት ነው። ነገሥታቱ የሚበሉት" አላት። እሷም አምናው ወጥ ሠራችበት።

"ብዙነህ፣" አሉ ጋሽ ጋሮማ ጉርሻቸውን ሳያወርዱ፣ "አዋቂው አንተ ነህ። ልብላው ወይስ ልተወው?"

"ልጅ ናት፣ ጋሽ ጋሮማ። በጃፓንኛ አንዱ ቃል ሃያ ትርጉም አለው።"

"እኔ ሁለቴ ቀምሼዋለሁ" አለች ለምለም ከምድጃው አጠገብ። ፈገግ ልትል ሞከረች። "መሮኝ ነበር፤ ያንተን ነገሥታት አፍሬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ሆዴን እያመመኝ ነው፣ ብዙዬ።"

ሰባቱም ፎቅ ከእግሩ ሥር የተናደ መሰለው።

"ያስቀምጡት፣ ጋሽ ጋሮማ። ማንም እንዳይነካው።"

ስልኩን አንስቶ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር መታ። ተቀባይዋ ሴት፣ የተበላው ተክል ምን እንደሚባል ጠየቀችው። "ተክሉ ምን ይባላል ትላለች" አለ ወደ እንግዶቹ ዞሮ።

"እንዳትሳሳት በጃፓንኛውም ንገራት" አሉ ጋሽ ጋሮማ በሙሉ እምነት።

ብዙነህ ለምለምን አየ። ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል። ስልኩን ለሀሴት አቀበላት።

"ከወረቀቱ አንብቢላት፣ ልጄ" አለ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሳይቀሩ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "እኔ ጃፓንኛ አልችልም። ችዬም አላውቅም።"

ከዚያ የሚስቱን ጫማ ሊያመጣላት ሄደ።