የተቀማው መስመር

የሆስፒታሉ የኔትወርክ ባለሙያ ቁጡ ሴት ናት፤ ራሷም አትክድም። ስትወለድ አዋላጇን ሳትቆጣ እንዳልቀረች ቤተሰቡ ይቀልድባታል። ያን ዕለት ጠዋት ግን ቁጣውን የጀመረችው እሷ ሳትሆን ታላቅ እህቷ ነበረች።

እህትየው እዚያው ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት። ደወለችና ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም ኮምፒውተሩ እንደገና ድርቅ ማለቱን ነገረቻት። ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠው ሕፃን አልጋ ላይ ነው፤ የማይስማማው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ የተመዘገበው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ያችን ክብ ምልክት እያሽከረከረ ይቀልዳል። የሕፃኑ እናት እንባዋን ታዘራለች።

«አንቺና ማሽኖችሽ አንድ ቀን ሰው ትገድላላችሁ» አለችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

የባለሙያዋ ደም ፈላ። በእህቷ ንግግር ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ሊሆን የማይገባው ስለነበረም ነው። የካርድ ክፍሉ፣ የመድኃኒት ቤቱና የላቦራቶሪው ሰርቨሮች የየራሳቸው ሳጥን የላቸውም፤ ምድር ቤት ባለው አንድ ትልቅ ማሽን ሆድ ውስጥ እንደ ተከራይ ተጠጋግተው ይኖራሉ። ያ ማሽን ድንገት ቢሞት ሥራውን የሚረከብ መንትያ ከግቢው ማዶ ባለው ሕንፃ ተቀምጧል፤ ስለዚህ እዚህ የተጻፈው ሁሉ ያለ ዕረፍት ወደዚያ ይቀዳል። ቅጂው ደግሞ ሆዳም ነው። ሐኪሞቹ በሚሠሩበት መስመር ከለቀቁት መንገዱን ሞልቶ ለሌላው መላወሻ ያሳጣል። ኬብል የሚሰካበት የራሱ ኔትወርክ ካርድና የራሱ ቢጫ ኬብል የተሰጠው ለዚህ ነበር።

ይህን ያስተማራት የክፍሉ ኃላፊ ነው። «የጭነት መኪናና አምቡላንስ በአንድ ቀጭን መንገድ አይነዱም» ይላት ነበር። ኬብሉንም ኮርኒስ ውስጥ አቧራ እየቃሙ አብረው ነው የዘረጉት። አባቷን በልጅነቷ ያጣች ናትና፣ ጋሼ ስትለው ከልቧ ነበር።

መጀመሪያ ከጠረጴዛዋ ሆና ቅጂውን ገታችው። ወዲያው የየክፍሉ ኮምፒውተር ነፍስ ዘራ፤ እህቷም መድኃኒቱን አይታ ለሕፃኑ ሰጠች። አሁን ግን ምድር ቤት ያለው ማሽን ቢበላሽ ከዚህ ወዲያ የሚመዘገበው የታካሚ ታሪክ ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ደረጃውን እየዘለለች ወረደች።

ከማሽኑ ጀርባ የቅጂው ኔትወርክ ካርድ ኬብል አልተሰካበትም፤ መብራቱ ጠፍቷል። ቢጫው ኬብል ከካርዱ ተነቅሎ ወደ ኢንተርኔት ከሚወጣው መስመር ጋር ተያይዟል። መንገዱን የተቀማው ቅጂ የሐኪሞቹን መስመር መሻማቱ አይፈረድበትም። ዓይኗን ከኬብሉ ሳትነቅል በኮሪደሩ ኮርኒስ ተከተለችው። ስብሰባ አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ ተቆርጦ ወደ ውስጥ ገብቷል። በመስታወቱ አሻግራ ስታይ ዳይሬክተሩ እንግዶቹን ግድግዳ በሚያክል አዲስ ስክሪን ፊት አስቀምጦ፣ ሌላ አገር ካሉ ሰዎች ጋር ያወራል። ምስሉ ቅንጣት አይንቀጠቀጥም።

ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ አገኛት። ሳትጠይቀው ነገሩ ገባው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለጊዜው መሆኑን፣ ዳይሬክተሩ ስክሪኑ በእንግዶች ፊት እንዳያዋርደው ብሎ አስጨንቆት እንደነበረ፣ አዲስ ኬብል እስኪገዛ መጠበቅ እንዳልተቻለ አስረዳት። ለየክፍሉም ብልሽት ነው እንድትል ለመናት።

«ባያውቁ ኖሮ ይቅር እልዎት ነበር» አለችው። «ያስተማሩኝ ግን እርስዎ ነዎት።»

ጋሼ አላለችውም። እሱም ልብ አለው፤ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ።

በሩን ከፍታ ገባች። ስትናደድ የምትጮኸው ሴት ያን ጊዜ ድምፅዋ የታመመ ሰው የሚያነጋግር ይመስል ዝግ ብሎ ወጣ። እንግዶቹን ይቅርታ ጠይቃ፣ የዚህ ስክሪን ኬብል የሆስፒታሉ ሰርቨሮች የሚቀዱበት መሆኑን፣ በእሱ ሰበብ ጠዋት የታመመ ሕፃን መድኃኒት ሲጠብቅ መቆየቱን ተናገረች። ፈቃድም አልጠበቀችም፤ ጎንበስ ብላ ነቀለችው። ግድግዳው ጨለመ።

ዳይሬክተሩ ብድግ አለ። ኬብሉን ማን እንደቆረጠ ሲጠይቅ ቁጣው በእሷ ላይ እንደሆነ ያስታውቅ ነበር። ያኔ ኃላፊው ከበሩ ላይ ተናገረ።

«እኔ ነኝ። እምቢ ልልዎት አቅቶኝ።»

ትእዛዙ የማን እንደነበረ ለእንግዶቹም ሳይቀር ግልጽ ሆነ፤ ዳይሬክተሩ መልሶ ተቀመጠ። እሷ ይህን ብትሰማ አንጀቷ ቅቤ የሚጠጣ መስሏት ነበር፤ አልጠጣም። እንዲያውም ባሰባት። እምቢ ማለት ያቃተው ሰው የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ሊጥል ነበር፤ የብብቱ ደግሞ ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ ኬብሉን ቀጠሉት። እሱ መሰላሉን ያዘ፣ እሷ ላይ ወጣች፤ ፒንሳውን ሲያቀብላትም ሆነ ስትመልስለት ዓይኗን ከኬብሉ አልነቀለችም። የቅጂው መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ፤ ሐኪሞቹም የተቀየረ ነገር እንዳለ እንኳ ሳያውቁ ሥራቸውን ቀጠሉ። ስብሰባ በማወኳ ተግሣጽ ደረሳት። ኃላፊው ኃላፊ እንደሆነ ቀረ፤ ዳይሬክተሩም ስለ ስክሪኑ ዳግም አላነሳም።

ከሥራ ስትወጣ እህቷ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። የሕፃኑ ትኩሳት መውረዱን ነገረቻት። ከዚያ ስለ ጠዋቱ ስልክ ልትናገር ስትጀምር ታናሽየዋ አቋረጠቻት።

«አሁን አይደለም። ገና እንደተናደድኩ ነኝ።»

«በእኔ?»

«በሁላችሁም።»

አውቶቡሱ ሲመጣ እህትየው በሰው መሀል ተጋፍታ ቀድማ ገባችና ከጎኗ ቦታ ያዘችላት። ታናሽየዋም ፊቷን እንዳጨለመች ሄዳ ተቀመጠች።