ደምሴ አያንኮራፋም

ደምሴ አያንኮራፋም። ይህን የሚለው ራሱ ደምሴ ነው። ባሌ የቀበሌያችን ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሞተሩ ጆሮውን ሲያደነቁረው፣ ዱቄቱ አፍንጫውን ሲደፍነው ይውልና ማታ ወፍጮውን ይዞት ይመጣል። ገና ጎኑ አልጋ ሲነካ ይጀምራል። መጀመሪያ ትንሽ ያለከልካል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል፤ "ተመስገን፣ ተወው" ስል ሞተሩ ይነሳና እስኪነጋ አይጠፋም። ጠዋት ስነግረው ዓይኑን አፍጥጦ፣ "እኔ? እኔ እንኳ አላንኮራፋም። አባቴ ይሙት!" ይላል። አባቱ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው።

ድሮ ግድ አልነበረኝም። የሁለተኛ ክፍል ልጆች ስታስተምር የምትውል ሴት ቤቱ ቢፈርስባትም አትነቃም። በሰባ ሦስት ክረምት ግን ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የመጀመሪያው ጽንስ በሰባተኛ ወሩ ወርዶብኝ ነበር፤ ይኸኛውም ሰባተኛ ወሩን ያዘ። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ፈንታነሽ እግሬን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። የጣቷ ጉድጓድ አልሞላ አለ።

"ሸዋዓለም፣ ቀልድ አይደለም" አለችኝ። "የደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል። መተኛት አለብሽ። በግራ ጎንሽ ተኚ፣ በጉልበቶችሽ መሀል ትራስ አድርጊ፣ ማታ ሻይ አትጠጪ። ካልተኛሽ ግን ይኸኛውንም..."

አልጨረሰችውም። እኔ ግን ፈራሁ፤ ከጤና ጣቢያው እስከ ቤቴ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ሄድኩ።

ሻዩን ተውኩ። ትራስ ስላልነበረን የደምሴን የድሮ ካፖርት ጠቅልዬ ጉልበቴ መሀል አደረግሁ። አልጋችን ግድግዳ ጥግ ነው፣ እኔ የምተኛው በግድግዳው በኩል ነው፤ በግራ ጎኔ ስዞር ፊቴ ልክ ደምሴ አፍ ላይ ያርፋል። ሽንቴ ሲመጣ ደግሞ ያንን ሆድ ይዤ በእሱ ላይ ተሻግሬ መውረድ ነው። ብረግጠው አይነቃም! ይህን ያህል የተባረከ እንቅልፍ ለአንድ ሰው መስጠት ፍርድ ነው?

ቀን እንዳልተኛ አማቴ አሉ። እማማ በለጠች ሊያርሱኝ ከሐሙሲት ገጠር ገና ሳልወልድ መጥተው መደቡ ላይ ሰፍረዋል። ደግ ሴት ናቸው፤ ግን ቀን ጋደም ስል ካዩ፣ "ተነሽ እንጂ ልጄ! ነፍሰ ጡር ቀን ከተኛች ምጡ ይበረታባታል" ብለው ምስር ያስለቅሙኛል። ማታ ደግሞ ከጣራ ገዳም በጠርሙስ ያመጡትን ጸበል ልክ ዓይኔ ሊከደን ሲል ፊቴ ላይ ይረጩብኛል። በደብረ ታቦር ክረምት ቀዝቃዛ ውኃ ፊቱ ላይ ተረጭቶበት የሚተኛ ካለ እሱ ጻድቅ ነው። እኔ ጻድቅ አይደለሁም።

አንድ ቀን ቸገረኝና፣ "ደምሴ ለጥቂት ቀን ጎረቤት ቢያድርስ?" አልኳቸው።

እማማ አማተቡ። "ባል ከምሽቱ ተለይቶ? ያውም በነፍሰ ጡርነትሽ? ሰው ምን ይላል! ተጣልተው ነው አይልም? በይ ተይው!"

ደምሴም፣ "አላንኮራፋም እኮ ነው የምልሽ" አለ።

የተኛሁት የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባው እሑድ ጠዋት ነው፤ ልክ በቅዳሴ ሰዓት። የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር የለውም። ሊቀመንበራችን ጓድ ጓንጉል ስለ ዓለም ወቅታዊ ሁኔታ ከወረቀት ያነባል። ድምፁ አይወጣ፣ አይወርድ፤ አንድ ዓይነት ነው። ኢምፔሪያሊዝም ሲል ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

የቀሰቀሰኝ ጸጥታው ነው። ዓይኔን ስገልጥ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ ያየኛል።

"ጓድ ሸዋዓለም!" አለ ጓንጉል። "ሰፊው ሕዝብ ስለ ዕጣ ፈንታው ሲወያይ አንች ትተኛለሽ? ያውም አስተማሪ ሆነሽ! ተነሽና ግለ ሂስሽን አውርጂ!"

ተነሳሁ። አፌ ዳር የደረቀውን ምራቅ በነጠላዬ ጠረግሁ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ነው።"

"ለምን?"

ደምሴን አየሁት። ወለሉን ያያል። ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ባሌ ያንኮራፋል እንዴት ልበል? የወፍጮ ቤት ደንበኛ ሁሉ መሳቂያ ያደርገዋል። "እርግዝናው ነው" አልኩ።

ጓንጉል ከኮሚቴው ጋር ተንሾካሾከ። እርጉዝን መቅጣት እንደማያምር ሳይገባቸው አልቀረም፤ ፍርዱ ደምሴ ላይ ወረደ። ሚስቱን በፖለቲካ ባለመኮትኮቱ ለአንድ ሳምንት ሌሊት ሌሊት ሮንድ ወጥቶ ቀበሌውን እንዲጠብቅ ተወሰነ። ሰው አጨበጨበ። ደምሴም አብሮ አጨበጨበ፤ ምን ያድርግ?

የዚያኑ ዕለት ማታ ደምሴ የቀበሌውን አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ተሸክሞ ዝናብ ውስጥ ሲገባ እኔ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ባል ከሚስቱ አይለይም ያሉት እማማ ቀበሌ ሲያዝ ቃል አልተነፈሱም። "የመንግሥት ትእዛዝ ነው" ብለው ብቻዬን እንዳልሆን እኔ አልጋ ላይ ወጡ።

እማማ ሲተኙ ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። በግራ ጎኔ ዞርኩ፣ ካፖርቱን ደምሴ ለብሶት ስለሄደ የእማማን ጋቢ ጉልበቴ መሀል አደረግሁ። ከዚያ ነጋ። እንዲሁ ነጋ! እማማ ራሳቸው ደንግጠው ትከሻዬን ይነቀንቁኛል።

ደምሴ ውኃ እየተንጠባጠበበት ገባ።

"ተኛሽ?"

"ተኛሁ።"

"ዝናቡ ነው ያስተኛሽ" አለና ፊቱን ታጥቦ ወደ ወፍጮው ሄደ።

ሳምንቱን ሙሉ ተኛሁ። እሱ ግን ዓይኑ ደም መሰለ፤ የአንዱን ሰው ጤፍ ከሌላው በቆሎ ጋር ደባልቆ ሊደበደብ ነበር። አሳዘነኝ። ማዘኔ ግን እንቅልፌን አልቀነሰውም፤ እውነቱን ልናገር። ፈንታነሽ እግሬን ጫን አድርጋ ለቀቀችውና ጉድጓዱ ሲሞላ ሳቀች። "ምን አደረግሽ?" አለችኝ። "ባሌን ቀጡልኝ" አልኳት።

ቅዳሜ ቅጣቱ አለቀ። ደምሴ የሳምንት እንቅልፉን ይዞ አልጋው ላይ ወደቀ። እንደዚያ ሌሊት አንኮራፍቶ አያውቅም። ጥጥ ጆሮዬ ውስጥ ጠቀጠቅሁ፣ በክርኔ ደሰቅሁት፣ አፍንጫውን ያዝኩ፤ ምንም። ሲነጋ እግሬ ጫማዬ ውስጥ አልገባ አለ። ያን ጊዜ የነበረኝ ትዕግሥት አለቀ።

"ደምሴ!" ብዬ ጮህኩ። "በፈቃድህ ሮንድ ውጣ!"

"በፈቃዱ እርጉዝ ሚስቱን ጥሎ ሌሊት የሚዞር ባል ሰው ምን ይለዋል? ደግሞ እኔ..."

"አላንኮራፋም እንዳትለኝ! ይኸን እግሬን እይ! ያንኛውን ልጅ ቀበርነው። ይኸኛውን አንተ ነህ የምታሳጣኝ! ሰምተኸኛል? አንተ!"

ክፉ ነገር ተናገርኩ፤ ግን አልመለስኩትም። ደምሴ እግሬን ረጅም ጊዜ አየው። ሳይምል ጫማውን አጠለቀና ለእሑዱ ስብሰባ ወጣን። እማማም ነጠላቸውን ተከናንበው ተከተሉን።

አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ዕቅዴ ግልጽ ነበር። ጓንጉል ማንበብ ሲጀምር ዓይኔን እከድናለሁ፣ ባሌን በእኔ ጥፋት ይቀጡልኛል። ደምሴ አጠገቤ ተቀመጠ። ጓንጉል ወረቀቱን ዘረጋ። "ጓዶች" አለ፣ ዓይኔን ከደንኩ።

ያን ጊዜ ከጎኔ ማንኮራፋት ተሰማ።

ደንግጬ ገለጥኩ። ደምሴ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን በርግዶ ያንኮራፋል። እኔ ግን የእሱን ማንኮራፋት ከራሱ በላይ አውቀዋለሁ። የእሱ መጀመሪያ ያለከልካል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ነው የሚነሳው። ይኸኛው ማለክለክ የለው፣ ጸጥታ የለው፤ በአንድ ጊዜ ጀመረ። የውሸት ነው። የዓይኑ ቆብ ይንቀጠቀጣል።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጓንጉል ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። "ጓድ ደምሴ! አንኮራፋህ!"

ደምሴ ተነሳ። ጆሮው ቀልቷል። የወፍጮው ደንበኞች፣ ጎረቤቶቹ፣ እናቱ፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። እጁን ወደ ጎኑ አድርጎ እንደ ተማሪ ቀጥ አለ።

"አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለ። "እኔ አንኮራፋለሁ። ቤትም አንኮራፋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ነው የማንኮራፋው።"

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም፤ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር። ጓንጉል ሁለት ወር ሮንድ ብሎ ፈረደበት። ለመውለድ የቀረኝም ከዚያ ብዙ አይበልጥም።

ደምሴ ቁጭ አለ። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ጓንጉል ንባቡን እስኪቀጥል ጠበቀና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ማታ ካፖርቴን አውጭልኝ" አለኝ።