ሁለት መስመር የቀረው ግጥም

«ኧረ እባካችሁ ይቺን የደጅ መብራት አጥፏት! በጠራራ ፀሐይ ትበራለች» አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ፣ የወጥ ድስታቸውን እንዳቀፉ እየገቡ።

«አትንኩብኝ» አለች እናናዬ።

ባሏ ገብረየስ ከተቀበረ ወዲህ ከአፏ የወጣው ይኸው ነው። ልቡ ነው በድንገት የቆመው። እሷ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብላለች። እንባም የላት። ለቀስተኛው ባሉበት የስደት አገር ካሉ ሰፈሮች፣ ከዌስተርቪል፣ ከካናል ዊንቸስተር እየነዳ ይመጣል፤ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል፤ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሹክሹክታ ነው።

«ደንግጣ ነው።»

«አይ፣ የሰማችው ነገር ቢኖር ነው እንጂ።»

ሰምታለችም። ገብረየስ በሽተኛ ከቤት ክሊኒክ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ አንዲት ጃፓናዊት ባልቴት ያደርሳል። የሥራ ባልደረባው ምንያህል ሊያጽናናት ብሎ፣ «ጋሼ ገብሬ እኮ ከሚስ ሃሩኮ ጋር መንገዱን ሙሉ ግጥም ሲቀባበሉ ነው የሚሄዱት» አላት።

ግጥም! እቤት «በላሽ?» እና «ደከመሽ?» ብቻ የሚያውቅ ሰው! እሷ ኢስተን ሰፈር ያለ ሆቴል ስታጸዳ አምሽታ ስትመለስ፣ የደጁን መብራት አብርቶላት ተኝቶ ነው የምታገኘው። ታዲያ ያን ሁሉ ቃል ለባዕድ ሰጥቶት ነው የሄደው? ይቺ ናት እንባዋን የያዘችባት፣ እናንተዬ። ቃሉን ያልሰጣትን ሰው ምን ብላ ታልቅሰው?

በሩ ተንኳኳ። ልጇ ባርኮት ከፈተች። ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ደቃቃ ሴት፣ ማንም ሳይነግራቸው ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ።

«ሚስ ሃሩኮ ናቸው» አለ ምንያህል። ለቀስተኛው ቦታ ለቀቀላቸው።

ሴትዮዋ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሱና እናናዬ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ባርኮት ታስተረጉምላቸው ጀመር።

«ከገብሬ ጋር የምንለው እኛ አገር ሬንጋ ይባላል፤ የቅብብሎሽ ግጥም ነው። አንዱ ሦስት መስመር ይላል፣ ሌላው ሁለት ይመልሳል። አዲሱ ስንኝ የሚያያዘው ካጠገቡ ካለው ስንኝ ጋር ብቻ ነው። አንዴ ያለፈ ነገር ተመልሶ አይገባም።»

«ሙሾ ነዋ!» አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ። «ብቻ እኛ ያለፈውን ነው ደጋግመን የምንጠራው።»

ሚስ ሃሩኮ ሲተረጎምላቸው ፈገግ አሉ። «ገብሬም እንደዚያው ነበር፤ ሕጉን ያፈርስብኛል። ሚስቱን ከሥራ የምትመለስ ሴት አድርጎ ግጥሙ ውስጥ አስገባት። 'በቃ፣ እሷ አልፋለች፣ አትደገምም' አልኩት። እሺ ይላል። በሚቀጥለው ስንኝ ንፋስ የሴት ሻርፕ ይወስዳል። 'ገብሬ፣ ይቺ እሷ ናት!' 'የለም፣ ሻርፕ ናት' ይለኛል። ሌላ ቀን ደጅ የምታድር መብራት ያመጣል። 'ደግሞ መጣች!' ስለው መሪውን ይዞ እንደ ሕፃን ይስቃል። 'ለምን ለራሷ አትነግራትም?' አልኩት። 'መብራቱን አበራላታለሁ፤ ታውቃለች' አለኝ።»

ባርኮት ይህን ስትተረጉም ድምፅዋ ተቆረጠ። «ማም...» አለችና ተወችው።

እናናዬ ቀና አለች። «አላወቅኩም» አለች። «አላወቅኩም እኮ።»

«የግጥሙ መዝጊያ ሁለት መስመር ቀርቶናል፤ ተራው የሱ ነበር» አሉ ሚስ ሃሩኮ። «እኔ ያልኩት ይህን ነው፦

ከመንገዱ ዳር
ዛፏ ልታብብ ነው፤
ማን ነግሯት ይሆን?

መዝጊያ ላይ ልቅሶ አይገባም፤ ስለ ፀደይ ነው የሚባለው። እንዲሁ ተከፍቶ እንዳይቀር፣ አንቺ ትዘጊልኛለሽ ብዬ መጣሁ።»

እናናዬ የባርኮትን ትከሻ ይዛ ተነሣች። በሩ ጋ ደረሰች። ውጭ በረዶው ከጣራው እየቀለጠ ይንጠባጠባል። የደጁን መብራት ቀና ብላ አየች። ከዚያ በሙሾ ዜማ፣ ግን ዝቅ አድርጋ፦

«ብርዱን ሁሉ ደጅ ያደረች መብራት፣
ትረፍ እንግዲህ፣ ፀደይ ነጋላት።»

ሲተረጎምላቸው ሚስ ሃሩኮ ዓይናቸውን ጠረጉ። «መብራቷ ተደገመች። ሕጉ ፈረሰ።»

«ደግ አደረገች» አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ።

ያኔ ነው የእናናዬ እንባ የመጣው። መዳፏን የመብራቷ ማብሪያ ላይ አሳረፈችና፣ የሟች ዓይን እንደሚከድን ሰው፣ በቀስታ ወደ ታች አውርዳ አጠፋቻት።