ስምዎን ይንገሩኝ

ግሪጎሪ ኮቫልቹክ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወጥ ቤት ከተቀመጠ አንድ ሰዓት ሊሞላው ነው። እኩለ ቀን ላይ ማኅበሩ ከእጁ ይወጣል። የቀረው አርባ ደቂቃ ብቻ ነው።

ማኅበሩ የተብታቦች ማኅበር ነው። በካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ ምላሳቸው የሚያዝ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰዎችን አንድ በአንድ የሰበሰበው እሱ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል። በየሐሙሱ ሌላ ሌላ ምግብ ቤት ይገናኛሉ። ሕጋቸው ሁለት ነው፦ ማንም ሌላ ሰው እንዲናገርለት አይለምንም፤ ምግብ የሚያዘውም በገዛ ስሙ ነው። አስተናጋጇ ተናግሮ እስኪጨርስ ትጠብቅ።

የየሐሙሱ ቦታ የሚነገረው በዓመት እየተከፈለበት በሚሠራ ድረ ገጽ ላይ ነው። ድረ ገጹ ድሮ ደህና ነበር፤ ሲጽፉለት ሰው ይመልስ ነበር። ከተሸጠ ወዲህ ግን ክፍያው እጥፍ ሆነ፣ ሠራተኞቹ ተባረሩ፣ ገጹን ማስታወቂያ ወረረው። የግሪጎሪ ባንክ ካርድ ጊዜው ሲያልፍ የአዲሱ ካርድ ቁጥር ማስገቢያ አልሠራ አለ። ቢጽፍ ቢጽፍ የሚመልስለት ማሽን ነው፤ መልሱም አንድ ነው፦ «ይደውሉልን»። እስከ ዛሬ ረቡዕ እኩለ ቀን ካልተከፈለ የማኅበሩ ገጽ ከነአባላቱ ቀድሞ ለከፈለ ለማንም ይሰጣል። ለአባላቱ መልእክት መላኪያውም ተቆልፎበታል።

«የሰዎቹን ስልክ እንኳ አልያዝክም?» አለችው ታላቅ እህቱ አይሪን፣ ከፊቱ ተቀምጣ።

«ማ... ማናችንም ስልክ አ... አንወድም።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል አልሰማህም አንተ ሰው?»

እውነቷን ነው። አንድ ጊዜ ቁጥር እንሰብስብ ብሎ ወረቀት ቢያዞር ባዶውን ተመለሰለት። ስልክ ሲጠራ አልጋ ሥር መግባት የሚያምራቸው ሰዎች ናቸው። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው አለኝ ሲል ኖሮ፣ ለካ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

«በል ስጠኝ፣ እኔ ላናግራቸው» አለችና እጇን ዘረጋች። ልጅ ሆነው ዳቦ ቤትም፣ ትምህርት ቤትም፣ ሐኪም ቤትም የምትናገርለት እሷ ነበረች። ግሪጎሪ ራሱን ነቀነቀ። ማኅበሩን የመሠረተውም ይህ እጅ ዳግም እንዳይዘረጋለት ብሎ ነው።

«ምን እንርዳዎ? በአጭሩ ይናገሩ» ይላል ማሽኑ። ግሪጎሪ አፉን ይከፍታል፤ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይቀረቀራል። «ምንም አልሰማንም፤ ደህና ይዋሉ» ብሎ ይዘጋበታል። ስድስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሰባተኛው አንድ ቃል ስለወጣለት ሰው አነሳ። ለእኩለ ቀን አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች። እየወደቀ እየተነሳ ችግሩን ሲያስረዳት ታገሠችው። «ገብቶኛል ጌታዬ። ካርዱን አሁኑኑ በስልክ እቀበልዎታለሁ።» ግሪጎሪ እንባው መጣ። «ለማረጋገጥ ያህል፣ ስምዎን ይንገሩኝ።»

ተብታባ ሰው አስቸጋሪውን ቃል በሌላ ቃል ይተካል። ስሙን ግን በምን ይተካዋል?

«ግ... ግ...» የአንገቱ ሥር ተገተረ። ሰዓቱን አየ።

«ጌታዬ፣ መስመር ላይ ነዎት?»

«ሬይ» አለ።

ጥርት ብሎ ወጣ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ የሚያውቀው ሰው በሌለበት፣ ቡና ሲገዛ ኩባያው ላይ የሚያስጽፈው ስም ነው። ምላሱ የለመደውን አወጣ።

ልጅቷ መዝገቧን አየች። «እዚህ ያለው ስም ይህ አይደለም።»

«አ... አይደለም፣ ግ... ግ...»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ የራሱ ስም የሚጠፋበት ሰው የለም። ለባለቤቱ ደኅንነት ስል አካውንቱን ቆልፌዋለሁ።» መስመሩ ተዘጋ።

አይሪን ሁሉንም ሰምታለች። «ሬይ ደግሞ ማነው?» አለችው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። የገዛ ስማችሁን አትፍሩ እያለ ይህን ሁሉ ሰው ሲያስተምር የኖረው እሱ ነው፤ ራሱን ጠላ።

እኩለ ቀን እንዳለፈ ኢሜይል ገባ። ማኅበሩን የወሰደው የመንተባተብ መድኃኒት ሻጭ ነው። አይሪን ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ውድ ግሪጎሪ፣ ወደ ማኅበራችን እንኳን ደህና መጣህ። በሠላሳ ቀን አንደበትህ ይፈታል። ስልክ ቁጥርህን ላክልንና እንደውልልህ።»

ግሪጎሪ ወረቀት ስቦ የሚያስታውሳቸውን መጻፍ ጀመረ። ማርሊስ፣ የእናቷን ስም ስትጠራ የምትያዘው። ሽማግሌው ኦስካር፣ መሬቱን በእግሩ ሳይመታ ካሮት ማለት የማይሆንለት። ቲያ፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በዚህ ሐሙስ ስሜን ራሴ ለአስተናጋጅ እናገራለሁ ብላ የማለችው።

«አድራሻቸውስ?» አለች አይሪን።

የማን ምላስ የት ላይ እንደሚያዝ ያውቃል፤ የአንዳቸውንም ቤት አያውቅም። ነገ ሐሙስ ነው። ቲያ የት መሄድ እንዳለባት ከእንግዲህ የሚነግራት መድኃኒት ሻጩ ነው።